ጥሩሸዋ የተወችው ቡና

መሐል ሜዳ ላይ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ቡና በአፋቸው የማይዞር ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አባ መርስዔ ኃዘን ናቸው። እሳቸው የድሮ ካህን ናቸውና ገና በዲቁናቸው “ቡና የካህን መጠጥ አይደለም” ተብለው ያደጉ ናቸው፤ ስላልቀመሱትም አያምራቸውም። ሁለተኛዋ ጥሩሸዋ ናት። የእሷ ነገር ግን ሌላ ነው። ጥሩሸዋ ድሮ ቡና ትወድ ነበር ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው። ሦስተኛውን ሳይጠጣ የተነሣ እንግዳ ዓመት ሙሉ ትቀየመው ነበር። “ቡና ከሌለበት ሠርግ ቡና ያለበት ለቅሶ ይሻለኛል” ያለችው ቀልድ እስከ ጎረቤት ከተማ እስከ ዘመሮ ድረስ ተወርቶላታል። ይህችን ሴት ነው እንግዲህ ስለት አፏን የዘጋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ሲሞት አንዲት ሴት ልጅና ጥቂት በጎች ትቶላት ሄደ። ጥሩሸዋ እጇ ፈጣን ነው። የበግ ጸጉር ትፈትላለች፤ የፈተለችውን ጎረቤቷ ጫኔ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አድርጎ ይሠራዋል፤ ባናውን ደግሞ እሷው በገበያ ቀን ተሸክማ ታወጣዋለች። እንዲህ እያለች ልጇን እፀገነትን ስምንተኛ ክፍል አደረሰቻት። ያኔ የባሏ ዘመዶች ተሰብስበው መጡና “ፊደሉን ከለየች ይበቃታል፤ ደህና ሰው ተገኝቷል፤ እንዳራት” አሉ። ጥሩሸዋ ጠላ ቀድታ አጠጣቻቸው፣ ሸኘቻቸው፣ አዎም እምቢም አላለቻቸውም። በማግስቱ ግን ቅዱስ ሚካኤል ደጅ ቆማ፣ ልጄን ጠብቀህ ካስተማርህልኝ ተምራ እስክትጨርስ ቡና የሚባል ነገር አልቀምስም ብላ ተሳለች። ሌላው ሰው ለስለቱ ጧፍ ያገባል፣ ጃንጥላ ያገባል፣ ሙክት ይነዳል። እሷ የምትወደውን ሰጠች።

ይህን ስትል ያሰበችው እስከ አሥረኛ ክፍል ያለውን ነበር። ከዚያ በላይ ትምህርት መኖሩን በወሬ እንጂ በልቧ አታውቀውም። ትምህርት ግን እንደ ጣርማበር መንገድ ነው፤ አለቀ ሲሉት ሌላ ጥምዝ ይመጣል። አሥረኛ አለፈ፣ መሰናዶ መጣ። መሰናዶ አለፈ፣ ዩኒቨርሲቲ መጣ። ልጅቱ ጥቁር ካባ ለብሳ የተነሣችው ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ “በይ ስለትሽ ደረሰ፣ ቡናው ይፈላ” ብሎ ተሰበሰበ። ቡናው ተፈላ፣ ስኒው በጥሩሸዋ እጅ ገባ፤ ይሄኔ እፀገነት ሁለተኛ ዲግሪ መቀጠል እንደምትፈልግ ተናገረች። ጥሩሸዋ ስኒውን አጠገቧ ላለችው ሴት አቀበለች። ከዚያ በኋላ ጫኔ መቀለጃ አደረጋት። ይህች ልጅ ዶክተር ልሁን ያለች ለት አንቺ ቡና የምትቀምሺው በሰማይ ቤት ነው ይላታል። እሷም ትስቃለች። በውስጧ ያለውን ኩራት ግን ቡናም አይተካውም ነበር ብል አልዋሸሁም።

ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ገባ። የእፀገነት ትምህርት የሚያልቀው በሐምሌ ነው። በኅዳር ወር አንድ ቀን ጥሩሸዋ ገላዋን ስትታጠብ፣ ግራ ጡቷ ላይ፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ፣ ባቄላ የሚያህል ነገር እጇ ላይ መጣ። ጫን አለችው፤ አያምም። አለማመሙ ነው ያስደነገጣት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀበሌ ስብሰባ ላይ “ጡታችሁ ላይ የማያም እብጠት ብታገኙ ዝም አትበሉ” ብላ ስታስተምር፣ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ከሴቶቹ ጋር “የማያመውን ምን ብለን እንከሳለን?” እያለች ስታሥቅ ነበር። አሁን ሣቁ የት እንደገባ እንጃ። ልጅቱ ትጨርስ፣ ከዚያ እታያለሁ አለችና ልብሷን ለበሰች። ለማንም አልተነፈሰችም።

የገና በዓል ባለፈ በሳምንቱ እፀገነት ከአዲስ አበባ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋን የቤተ ሙከራ ክፍል ህንድ አገር ሄዳ ሠርታ ተመልሳ ነበር፤ የቀራት መጻፍ ነው። ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ያበራል። እናትና ልጅ ከነፋሱ ተከልለው፣ በቤቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ። የጥር ፀሐይ መንዝ ላይ ከነፋሱ ተሻምተው የሚሞቋት ናት። ጥሩሸዋ እንዝርቷን እያሾረች፣ ለመሆኑ ይህን ያህል ዓመት የደከምሽበት ምንድን ነው፣ እስቲ ለኔም ይግባኝ አለቻት።

እፀገነት ትንሽ አፈረች፤ ከዚያ ቡና ላይ ነው አለች። ጥሩሸዋ እስኪያስላት ሣቀች። እኔ በአንቺ የተነሣ ከቡና ተጣልቼ፣ አንቺ ከቡና ጋር ህንድ ድረስ ሄድሽ ማለት ነው አለች። ልጅቱም ሣቀች፤ ግን ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ከዚያ እንደ አስተማሪ ተቀምጣ ማስረዳት ጀመረች።

ሰውነታችን የተሠራው ከትንንሽ ሕዋሳት ነው አለች። በየሕዋሱ ውስጥ ከእናት ከአባት የወረስነው ትእዛዝ አለ፤ ዘረመል ይባላል። አንዱ ትእዛዝ “ተባዛ” ይላል፤ ሌላው “በቃህ፣ ቁም” ይላል። ሁሉም ትእዛዝ ሁልጊዜ አይሠራም፤ እንደ ቤት በር የሚከፈት አለ፣ የሚዘጋም አለ። የካንሰር ሕዋስ ክፋቱ፣ “ቁም” ከሚሉት ትእዛዞች አንዳንዶቹ ተቀርቅሮባቸው መገኘቱ ነው። ትእዛዙ አልጠፋም፤ እዚያው አለ፤ የሚሰማው ግን የለም። እሷ ቡና ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች ሁለቱን ለይታ፣ በጠርሙስ ውስጥ በሚያድጉ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ አደረገች። መቀርቀሪያው ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ላላ። ተዘግቶ የነበረው ትእዛዝ እንደገና መሥራት ጀመረ። ይህን ስትናገር እጆቿ በአየር ላይ በር ይከፍቱና ይዘጉ ነበር።

የጥሩሸዋ እንዝርት ቆመ። ድምፅዋን እንደምንም አስተካክላ፣ ታዲያ ቡና የሚጠጣ ሰው ይህ በሽታ አይዘውም ማለት ነው ብላ ጠየቀች።

“ገና ነው እማዬ” አለች እፀገነት። “ገና ብዙ ይቀረዋል።”

ይህ መልስ ለሌላ ሰው መልስ ነው። ለጥሩሸዋ ግን አልነበረም። አሥር ዓመት ሙሉ ስለ ትምህርት “ጨረስሽ ወይ?” ብላ በጠየቀች ቁጥር የሰማችው “ገና ነው” የሚል ቃል ነው። ልጇ ስምንተኛን አልፋ ገና ነው፣ ዲግሪ ይዛ ገና ነው። የተማረ ሰው አመል ነው ብላ ደምድማለች። ስለዚህ “ገና ነው”ን እንደ ትሕትና ቆጥራ አለፈችውና ፍሬውን ያዘች፦ ቡና ያንን በሽታ ያስቆማል፤ እኔ ቡና ትቻለሁ፤ በሽታው መጣ። እንደ ገበያ ሒሳብ ቁልጭ አለላት። የባሰው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። ቡናውን የተወችው ለማን ብላ ነው? ይህች አጠገቧ ተቀምጣ በእጇ በር የምትከፍት የምትዘጋ ልጅ ይህን ብታውቅ፣ ዕድሜ ልኳን “እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ” ብላ አትኖርም? ጥሩሸዋ ይህን ስታስብ ከሞቱ ይልቅ እሱ አስፈራት። ቡናውን ዛሬ ልጠጣ እንዳትልም ስለቱ ሐምሌ ድረስ ነው፤ ታቦት አታልላ በልጇ ላይ ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል። ወዲህ ቢሉ ወዲያ ቢሉ መውጫ የለውም።

ነገሩን ለማስቀየር ስለ ጠርሙሱ ሥጋ ጠየቀች። የማን ነው? እፀገነት በስልኳ ያነሣችውን ፎቶግራፍ አሳየቻት፤ እንደ ተበተነ አጃ ያለ ነገር። ሕዋሳቱ መጀመሪያ የተገኙት በውጭ አገር ትኖር ከነበረች አንዲት መነኩሲት ነው አለቻት፤ በጡት ካንሰር ታማ፣ ከደረቷ ከተቀዳ ውሃ ነው የተወሰዱት። ከሞተች አርባ ዓመት አልፏታል። ሕዋሳቱ ግን ሳይሞቱ፣ እየተባዙ፣ ከአገር አገር እየተላኩ ተማሪ ሁሉ ይማርባቸዋል።

ጥሩሸዋ አማተበች። አንዲት መነኩሲት አርባ ዓመት ሙሉ ግማሽ ሰማይ ግማሽ ምድር ሆና፣ ሥጋዋ በጠርሙስ ከእፀገነት ጋር ህንድ አገር ሲሠራ እንደከረመ ስትሰማ ሆዷ ባባ። “ለመሆኑ ተዝካሯ ወጥቷል?” አለች።

እፀገነትን ይህን ጥያቄ ህንድ አገርም አዲስ አበባም የጠየቃት ሰው አልነበረም። እንደማታውቅ ነገረቻት። ስሟንም አንድ ጊዜ አንብባው እንደነበር፣ አሁን ግን እንዳልያዘችው፣ ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ፊደልና ቁጥር ብቻ መሆኑን ነገረቻት።

ያን ዕለት ጥሩሸዋ ሐሳቧን ቆረጠች። መንዝ ውስጥ ሰው በቁሙ ተዝካሩን ማውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ወራሽ የሌለውም፣ በወራሹ የማይተማመንም ያደርገዋል። ጥሩሸዋ በልጇ ትተማመናለች፤ ያልፈለገችው አንዲት ብቸኛ ልጅ በኀዘኗ ላይ ድግስ እንዳይጨመርባት ነው። በግልጽ “ተዝካሬን ላውጣ” ብትል ግን አገር “ምን ሆንሽ?” ይላል። መነኩሲቷ ደረሰችላት። የልጄ ባለውለታ ናት፤ እሷን ምክንያት አድርጌ ለሁለታችንም አወጣለሁ አለች በልቧ። ደግሞ ነገሩ ማስመሰል ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለመነኩሲቷ ከልቧ አዝናለች።

ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ መርስዔ ኃዘን ሄዳ ነገረቻቸው፤ የራሷን ትታ የመነኩሲቷን። አባ ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። የሃይማኖቷን ነገር ስለማላውቅ ፍትሐት አላደርስላትም አሉ። ነዳያንን ማብላት ግን ማን ይከለክልሻል፤ የተራበ ከበላ እግዚአብሔር ለማን እንደሚጽፈው እሱ ያውቃል። ድግሱ ሲያበቃ መጥቼ ጸሎት አደርጋለሁ አሏት። እፀገነት በበኩሏ መጀመሪያ ሣቀች፤ ቆይታ ደግሞ ደስ አላት። በሳይንስ ዓለም ማንም ያላሰበውን እናቴ አሰበችው ብላ ለጓደኞቿ ስልክ ስትደውል ተሰማች።

ድግሱ ግን አላምር አለ። ማለቴ አማረ፤ ከልክ በላይ አማረ። ለአንዲት የማትታወቅ መነኩሲት ዝክር አንድ ሞሰብ ዳቦና አንድ ጋን ጠላ በቂ ነበር። ጥሩሸዋ የገብሱን ጎተራ አጋመሰች፣ ጋን በጋን ላይ ጠመቀች፣ ያላትን ሙክት አሳረደች፣ ዳስ አስጣለች። ለመሞቻዋ ብላ ያስቀመጠችውን ነጭ ባና ሳይቀር አውጥታ ለአንዲት የኔ ብጤ አሮጊት አለበሰቻት። ጫኔ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ ሁለተኛውን ዋንጫ ሲጨርስ፣ ለማታውቂያት ፈረንጅ እንዲህ ከደገስሽ ሠላሳ ዓመት ባናሽን ለሠራሁልሽ ለኔማ ሰንጋ ትጥያለሽ አለ። ሰዉ ሣቀ። ጥሩሸዋም ሣቀችና ጠላውን ሞላችለት። ደስ ብሏት ነበር፤ እንግዳ ቢመስልም እውነት ደስ ብሏት ነበር። ሰው በቤቷ ሲበላ ሲጠጣ እያየች፣ ይህን ካየሁ ምን እፈልጋለሁ አለች።

በመጨረሻ አባ መርስዔ ኃዘን መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። የሟቿን ስም ለማንሣት ወደ ጥሩሸዋ ዘወር አሉ። ጥሩሸዋ ለዚህ ተዘጋጅታለች። ስም የሌለው ጸሎት አድራሻ እንደሌለው መንገደኛ ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ነው፤ ወለተ ማርያም ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል፤ ማን ይጠረጥራል?

“ወለተ ማርያም ይበሉልኝ” አለች። እንደ ዋዛ ልትለው ነበር ያሰበችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ።

ለካስ ንስሐ አባትን ማታለል እንዲህ ቀላል አይደለም። አባ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ስም እግዚአብሔር ይፍታሽ ሲሏት የኖሩ ሰው ናቸው። መስቀሉን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አዩዋት፤ ከሞተች አርባ ዓመት ላለፋት ፈረንጅ እንዲህ ዓይነት እንባ እንደማይፈስ አወቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ስሟን አንተ የምታውቅላትን ያቺን መነኩሲት ነፍሷን ማርልን። ወለተ ማርያምን ደግሞ ዕድሜ ስጥልን” አሉና አቡነ ዘበሰማያት አስደገሙ። ሰዉ ምንም ሳይገባው አሜን አለ። የገባት አንዲት ሰው ብቻ ናት። እፀገነት የጠላ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ዳሱ መሐል ቆማ ቀረች፤ የእናቷን የክርስትና ስም ታውቃለች።

አባ ሁለቱንም ወደ ጓዳ ጠሯቸውና በሩን ገፋ አደረጉት። ይህች የቆመች ወለተ ማርያም ምን ሆና ነው ከሙታን ጋር የተሰለፈችው ብለው ጠየቁ። ከኅዳር ጀምሮ እስከዚያች ዕለት አንድ ጠብታ ያላነባችው ጥሩሸዋ ያኔ አምርራ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የልጇን እጅ ይዛ ወደ ብብቷ ወሰደችው። የእፀገነት ጣቶች ባቄላውን አገኙት፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ጥሩሸዋ የልጇን ፊት ስታይ የደበቀችውን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ስለቱን፣ ቡናውንና የተዘጋውን በር ከበሽታዋ ጋር እንዴት እንዳያያዘችው ነገረቻትና፣ በአንቺ የተነሣ መሆኑን ካወቅሽ ያንገበግብሻል ብዬ ነው ዝም ያልኩት አለቻት።

እፀገነት የገብስ ጆንያ ላይ ዘፍ አለች። ከዚያ በዝግታ፣ እንደ ተማሪም እንደ አስተማሪም ሳይሆን እንደ ልጅ ተናገረች።

“እማዬ፣ እኔ ያየሁት ጠርሙስ ውስጥ ነው። አንቺ ጠርሙስ አይደለሽም። ቡና ሲጠጣ ሆድና ጉበት አልፎ፣ ተሰባብሮ፣ ወደ ሌላው አካል የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ያፈሰስኩትን ያህል በፍጹም አይሆንም። ቡና በመተው ይህ በሽታ ያዘው የተባለ ሰው የለም። ታሞ ቡና ጠጥቶ ዳነ የተባለም የለም። ገና ነው ያልኩሽ እኮ ይህንን ነው።”

“ገናው እውነተኛ ገና ነበር?” አለች ጥሩሸዋ አፍንጫዋን እየጠረገች።

እውነተኛ ገና ነው አለች እፀገነት፤ ደግሞም ሁሉም እብጠት ካንሰር አይደለም፤ የሚያውቀው መርምሮ ያየ ሐኪም ነው እንጂ እኔም አንቺም አይደለንም። አባ መርስዔ ኃዘን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ደብረ ብርሃን እንዲሄዱ አዘዙ። ስለቱ ካስጨነቀሽም ወደ ስግደት እለውጥልሻለሁ፤ ዛሬውኑ ጠጪ አሏት። ጥሩሸዋ አሰበችበትና እምቢ አለች። ቡናው የማያድነኝ ከሆነ ምን ያቻኩለኛል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ታግሼ ለሐምሌ አልሸነፍም አለች። አባም ሣቅ አመለጣቸው።

ደብረ ብርሃን ላይ ወጣቱ ሐኪም በትሕትና መረመራት፣ በመርፌ ቀድቶ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከ። መጠበቁ ከባድ ነበር። የጥሩሸዋ እህት ልጅ ቤት ተቀምጠው፣ እሷ ከቤት ይዛው የመጣችውን ጸጉር ስትፈትል፣ እፀገነት ኮምፒውተሯን ከፍታ አንድ ቃል ሳትጽፍ ስታየው ሰነበቱ። ጥሩሸዋ ፈርታለች፤ የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት ቀን ከሌት በጆሮዋ ይጮህባት ነበር። ሆኖም ፍርሃቱ የኅዳሩን ያህል አልነበረም። ያኔ ብቻዋን ነበረች። አሁን እጇን የምትይዝ ልጅ አጠገቧ አለች፤ የደበቀችው ነገር የለም፤ እንቅልፍም ወስዷታል።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ ክፉ አይደለም አለ። ብዙ ሴት ላይ የሚወጣ ጉዳት የሌለው እብጠት ነው፤ ከፈለጉ እናወጣዋለን፤ ካልፈለጉም እየተመላለሱ ያሳዩን አላት። ጥሩሸዋ ይውጣ አለች፤ በዚያው ሰሞንም አወጡላት። ዕድሜ ለሰጣት አምላክ ምስጋና ካደረሰች በኋላ የመጣባት ስሜት እፍረት ነው። አገር ምድሩን ለባቄላ ተዝካር አብልታ! ጫኔ ምን እንደሚላት ከአሁኑ አውቃዋለች፤ ተዝካርሽን በልተናልና እንግዲህ ብትሞቺም አንመጣም ይላል። ይበል። ነዳያኑ በልተዋል፤ መነኩሲቷም ድርሻዋን አግኝታለች፤ የከሰረ ነገር የለም።

ወደ መሐል ሜዳ በሚመለሰው አውቶቡስ ውስጥ ጥሩሸዋ በመስኮቱ በኩል፣ እፀገነት አጠገቧ ተቀመጡ። ቁስሏ ትንሽ ይቆጠቁጣታል እንጂ ደህና ናት። የታጨደ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ አጥር፣ በጎች ያልፋሉ። እፀገነት ግን ከተሳፈሩ ጀምሮ ዓይኗን ከፊቷ ካለው ወንበር አልነቀለችም። ጥሩሸዋ ድካም መስሏት ተወቻት። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ልጅቱ ሳታያት መናገር ጀመረች።

“ቡናን የመረጥኩት ሳይንስ አስቤ አይደለም። ክፋቱን ላገኝበት ነበር።”

ጥሩሸዋ ዞር ብላ አየቻት።

“ሰው ቤት በሄድን ቁጥር ለሁሉ ሲቀዳ አንቺ ውሃ ስትጠጪ እያየሁ ነው ያደግኩት። በኔ ምክንያት መሆኑን አውቃለሁ። ጥናቱን ስጀምር፣ መርዝ ነው የሚል ነገር አግኝቼ፣ መጥቼ፣ እማዬ፣ የተውሽው ነገር ጎጂ ነው፣ ምንም አልቀረብሽም ልልሽ ነበር ያሰብኩት። ውጤቱ በጎ ሆኖ ሲወጣ መምህራኖቼ አጨበጨቡ። እኔ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።”

ጥሩሸዋ ከልጇ የደበቀችውን ያህል ልጇም ከእሷ ስትደብቅ መኖሯ ገረማት፤ የሁለታቸውም ሸክም አንድ ዓይነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ገረማት። ነጠላዋን ወደ ልጇ ሳብ አድርጋ በግማሹ አለበሰቻት፤ እጇንም ያዘች፤ በጥሩ ጸጉር ላይ እንደምታደርገው ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው።

“ታዲያ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ” አለች፣ “ምንድን ነው የቀረብኝ?”

እፀገነት ራሷን እናቷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች፤ አውቶቡሱም መንገዱን ቀጠለ።